ውርጭ በሌለበት አገር የዶሮ ውኃ መጠጫ ስለ መምረጥ
በድሬዳዋ ከተማ ለማኅበሩ አባላት የተደረገ ንግግር





ስለ ዶሮ ርባታ በውጭ አገር የተጻፉትን መጻሕፍት የገለጠ ሰው ስለ ውኃ መጠጫ የሚናገረው ምዕራፍ ላይ ሲደርስ አንድ የቆየ ክርክር ማግኘቱ አይቀርም፤ ይኸውም መጠጫው ከብረት ይሁን ወይስ ከፕላስቲክ የሚለው ነው። ክርክሩ የተወለደው ክረምቱ በረዶ በሆነበት አገር ነው። በዚያ አገር ገበሬው ማለዳ ወደ ዶሮ ቤቱ ሲገባ ውኃው እንደ ድንጋይ ጠንክሮ ያገኘዋል። ውኃ ወደ በረዶ ሲለወጥ ይዘቱ ከመቶ ዘጠኝ እጅ ያህል ስለሚጨምር የፕላስቲኩን ዕቃ ከውስጥ ገፍቶ ይሰነጥቀዋል። የብረቱ ዕቃ ግን ግፊቱን ይችላል፤ ከሥሩ ማሞቂያ ቢደረግለትም ሙቀቱን ፈጥኖ ወደ ውኃው ያሳልፋል። ስለዚህ የዚያ አገር ሰው ብረቱን ቢመርጥ በቂ ምክንያት አለው።

በአገራችን ውርጭ የማይታወቅ መስሎን እንዳንሳሳት። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለምትገኝ በጥቅምት፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ሰማዩ ጠርቶ ሲያድር ሌሊቱ ከዜሮ ዲግሪ በታች የሚወርድበት ጊዜ አለ። ማሳው በአመዳይ ነጥቶ ያነጋል፤ በደጅ የተተወ የዶሮ ውኃም በረዶ ሊለብስ ይችላል። ለዚያ አርቢ የምንሰጠው ምክር አጭር ነው። መጠጫውን ማታ ደፍቶት ይደር፤ ማለዳ ለብ ያለ ውኃ ይሙላበት። ይህን ካደረገ ብረትም ሆነ ፕላስቲክ ያገለግለዋል፤ የቀረውን ረፋዱ ላይ ፀሐይ ትሠራለች።

ዛሬ የተሰበሰብንባት ከተማ ግን ሌላ ናት። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የምትገኝ፣ በ1895 ዓ.ም. የባቡሩ ሐዲድ ሲደርስ የተቈረቈረች፣ በግንቦትና በሰኔ የቀኑ ሙቀት በጥላ ሥር ከ35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚያልፍባት ከተማ ናት። ከደንገጎ ዳገት በላይ ያለው የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የውጭ ዝርያ ዶሮዎችን ወደ አገራችን በማስገባትና በማጥናት ከቀደሙት ተቋሞች አንዱ ነው፤ ነገር ግን እርሱም የተሠራው 2,000 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለሆነ ተማሪው ላይ የተማረውን ታች ሲሠራበት ጥቂት ማስተካከል ያስፈልገዋል። በቀፊራ ገበያ የምትሸጠው ከሐረርጌ ደጋ የወረደች ዶሮም እንዲሁ ናት። በአንድ ጧት 800 ሜትር ያህል ቍልቍል ስትወርድ አምስት ዲግሪ ያህል የሚበልጥ ሙቀት ይቀበላታል፤ ከዚያም በላይ እግሯ ታስሮ በፀሐይ ላይ ትውላለች።

እዚህ ዶሮን የሚገድላት ብርድ አይደለም። ሙቀትና ፈንግል ናቸው። መጠጫው ከምን ይሠራ የሚለው ጥያቄ ወደ ድሬዳዋ ሲመጣ መመዘን ያለበት በእነዚህ በሁለቱ ነው። እንዲህ ስንመዝነው መልሱ ከመጽሐፉ የተለየ ሆኖ ይገኛል ባይ ነኝ።

በመጀመሪያ ሙቀቱን እንመልከት። የዶሮ የሰውነት ሙቀት ከ41 እስከ 42 ዲግሪ ነው። ላብ የሚያወጣ ዕጢ የላትም። አየሩ ሲግል ክንፏን ከሰውነቷ አርቃ፣ አፏን ከፍታ ታለከልካለች፤ በዚያ ማለክለክ ከሳንባዋና ከጉሮሮዋ የሚተንነው ውኃ ሙቀቱን ይዞ ይወጣል። አንድ ግራም ውኃ በተነነ ቍጥር 580 ካሎሪ ያህል ሙቀት ይዞ ስለሚሄድ ዶሮዋ የምትድነው በምትጠጣው ውኃ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም። በመጠነኛ አየር አንዲት እንቁላል ጣይ ዶሮ በቀን ሩብ ሊትር ያህል ትጠጣለች፤ በብርቱ ሙቀት ይህ እጥፍ ይሆናል፣ ከእጥፍም ያልፋል። 50 ዶሮ ላለው ቤት በሙቀት ቀን 25 ሊትር፣ ማለትም አንድ ትልቅ ጀሪካን ሙሉ ያስፈልጋል ማለት ነው። ስንቱ ቤት ነው ይህን ያህል የሚያቀርበው? ብዙውን ጊዜ የምናየው አንድ የሸክላ ገል ወይም ግማሹ ተቈርጦ የተገለበጠ የሃይላንድ ጠርሙስ ነው፤ እርሱም ከቀትር በፊት ያልቃል።

ብዛቱ ብቻ አይበቃም። ውኃው ከ30 ዲግሪ እያለፈ በሄደ መጠን ዶሮዋ የምትጠጣው እየቀነሰ ይሄዳል፤ ወደ ራሷ የሰውነት ሙቀት ሲቃረብ ደግሞ ጭራሽ ትሸሸዋለች። ውኃ በሞላበት መጠጫ አጠገብ በጥም የደከመች ዶሮ ቢገኝ መጠርጠር ያለበት ይህ ነው። እንግዲህ ውኃውን የትኛው ዕቃ ያቀዘቅዘዋል?

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሰጠው መልስ «ብረት ሙቀትን ስለሚያስተላልፍ ፕላስቲኩ ይሻላል» የሚል ነው። አነጋገሩ ግማሽ እውነት አለው። ብረት ሙቀትን ከፕላስቲክ መቶ ጊዜና ከዚያም በላይ ያስተላልፋል። ይሁን እንጂ የመጠጫው ግድግዳ አንድ ወይም ሁለት ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆነ ሙቀቱ የሚዘገየው በግድግዳው ውስጥ ሲያልፍ አይደለም፤ ከአየሩ ወደ ግድግዳው ሲተላለፍ ነው። ይህ ደግሞ ለሁለቱም ዕቃ አንድ ዓይነት ነው። ስለዚህ ሁለቱን በጥላ ሥር ብናስቀምጣቸው ውኃቸው ከአየሩ ሙቀት ጋር የሚስተካከለው ተቀራራቢ በሆነ ጊዜ ነው። በፀሐይ ላይ ብናስቀምጣቸው ደግሞ ጥቁር ፕላስቲክም ሆነ የዛገ ቆርቆሮ ሁለቱም ይፈጃሉ፤ የቆርቆሮው ጠርዝ ግን በእጅ እንኳ ሲነካ የሚያቃጥል መሆኑ የባሰ ነው። ልዩነት የሚያመጣው ጥላው፣ የዕቃው ቀለም፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የውኃው ብዛት ነው። አሥር ሊትር ውኃ ከአንድ ሊትር ይልቅ ቀስ ብሎ ይሞቃል። የሃይላንዱ ጠርሙስ ዋና ጕድለት ፕላስቲክ መሆኑ አይደለም፤ ትንሽ መሆኑ ነው።

ውኃን በእውነት የሚያቀዘቅዘው ዕቃ በክርክሩ ውስጥ ስሙ ያልተጠራው ሸክላ ነው። እናቶቻችን ውኃን በእንስራና በጋን የሚያኖሩት በዕውቀት ነው። ያልተለበጠ ሸክላ ውኃውን በጥቂቱ ወደ ውጭ ያልባል፤ ያ ላብ ሲተንን ሙቀትን ከዕቃው ይወስዳል፤ አየሩ ደረቅ በሆነ መጠንም ማቀዝቀዙ ይበረታል። የድሬዳዋ ደረቅ አየር ለዚህ የተመቸ ነው። ይሁን እንጂ ሸክላን ራሱን የዶሮ መጠጫ አድርጉት አልልም። ቀዳዳዎቹ ለዓይን ባይታዩም አተላና ተሐዋስያን ይሸሸጉባቸዋል፤ በብሩሽ ቢፈገፈግ አይጠራም፤ የጀርም መግደያ ቢጨመርበትም መድኃኒቱን ይዞ ያስቀራል። ጋኑ በጥላ ውስጥ ይቀመጥ፣ አፉ ይከደን፣ በእርሱ የቀዘቀዘው ውኃ ቀትር ላይ ወደ መጠጫው ይገልበጥ። ይህን የሚያደርግ ቤት በረዶም ሆነ ማቀዝቀዣ መግዛት አያስፈልገውም።

በድሬዳዋ ሙቀት የሚታይ፣ በመጻሕፍቱ ግን እምብዛም የማይነሣ ሌላ ችግር አለ። ዛሬ በገበያ በብዛት የሚገኘው መጠጫ ክዳኑ እንደ ደወል የሆነና ከሥሩ ሳሕን ያለው ነው። ውኃውን በደወሉ ውስጥ ይዞ የሚያቆየው የውጭው አየር ግፊት ነው፤ ዶሮዋ ከሳሕኑ በጠጣች ቍጥር ጥቂት አየር ይገባና ያንኑ ያህል ውኃ ይወርዳል። አሁን ግማሹ የተጠጣለት መጠጫ በፀሐይ ላይ ተቀመጠ እንበል። በደወሉ ውስጥ የታሰረው አየር ሲሞቅ ይለጠጣል፤ ከውኃው የሚወጣው እንፋሎትም ይጨመርበታል፤ ሁለቱ ተባብረው ውኃውን ወደ ታች ይገፉታል። አራት ሊትር አየር የያዘ ደወል ከ20 ወደ 45 ዲግሪ ቢሞቅ ከግማሽ ሊትር በላይ ውኃ ወደ ሳሕኑ ተገፍቶ ሞልቶ ይፈሳል። አርቢው ዶሮዎቹ እየዘፈቁ የደፉት ይመስለዋል። ጉዝጓዙ ይረጥባል፣ የአሞንያ ሽታ ይነሣል፣ ኮክሲዲዮሲስም ተስማሚ ቦታ ያገኛል። ለዚህም መድኃኒቱ ጥላ ነው፤ መጠጫውን በጡብ ወይም በድንጋይ ላይ ከጉዝጓዙ ከፍ አድርጎ፣ የሳሕኑ ከንፈር ከዶሮዋ ጀርባ ጋር እንዲስተካከል ማስቀመጥም ይረዳል።

አንዳንድ ባልንጀሮቼ ይህን ሁሉ ጣጣ ኒፕል የሚባለው ነጠብጣብ ሰጪ ቧንቧ ያስቀርልናል ይላሉ። ለትልቅ እርባታ ድርጅት ያስቀር ይሆናል። ነገር ግን በብርቱ ሙቀት ዶሮዋ ውኃውን ለመጠጣት ብቻ አትፈልገውም፤ ራሷን ነክራ በራሷ ላይና በአገጯ ሥር ያለውን ቀይ ሥጋ ታረጥባለች፤ ያም ሲደርቅ ያቀዘቅዛታል። ኒፕሉ ይህን ይከለክላታል። በተጨማሪም የድሬዳዋ ውኃ ኒፕሉን ይደፍነዋል።

የውኃውን ነገር ካነሣሁ ዘንድ ጥቂት ልቆይበት። ከተማዋ የምትጠጣው የከርሰ ምድር ውኃ ነው፤ ምድሯም የኖራ ድንጋይ የበዛባት ናት። በጣሊያን ወረራ ዘመን የሲሚንቶ ፋብሪካ እዚህ የተተከለው ያለ ምክንያት አልነበረም። በሻይ ጀበናችን ውስጥ የምናየው ነጭ ቅርፊት በዶሮው መጠጫም ውስጥ ይጋገራል። ቅርፊቱ ራሱ ዶሮን አይገድልም፤ ነገር ግን በእርሱ ሥር ሙልጭልጭ ያለ አተላ ይሸሸጋል፣ ተራ ውኃም አያጥበውም። የሚለቀው ኮምጣጤ ወይም የሎሚ ጭማቂ ተደርጎበት ሲያድር ነው። እዚህ ላይ ቆርቆሮው ይሸነፋል። ኮምጣጤው ቅርፊቱን ብቻ ሳይሆን ቆርቆሮውን ከዝገት የሚጠብቀውን የዚንክ ልባስ ጭምር ያሟሟዋል፤ ዚንኩ ከውኃው ጋር ሲቀላቀል ዶሮዋን ይመርዛል፤ ልባሱ ያለቀው ቆርቆሮም በጥቂት ሳምንት ውስጥ ይዝጋል። ፕላስቲኩን ኮምጣጤ አይጎዳውም።

ቆርቆሮን ግን ሙሉ በሙሉ ማጣጣል ፍትሕ አይደለም። ድሬዳዋ የባቡሩ ጋራዥ ለብዙ ዘመን ብረት ሠራተኞችን ያፈራባት ከተማ ናት፤ ቆርቆሮ ቆርጦ፣ አጥፎ፣ ጠርዙን ቀጥቅጦ የሚያምር ገንዳ የሚሠራ ሰው አይጠፋባትም። ቆርቆሮ አይጥ አይቈረጥመውም፣ ሲሰበር ይጠገናል። ፕላስቲክ ደግሞ ፀሐይ ላይ ከዋለ ጥቂት ዓመት ሳይቆይ ደርቆ በእጅ ይፈረከሳል። እኔ በበኩሌ የቆርቆሮውን ሠራተኛ የመኖ ገንዳውን ይሥራልን እላለሁ፤ ለዚያ ከእርሱ ሥራ የሚሻል የለም። የውኃ ዕቃ የሚሠራ ከሆነ ግን መጋጠሚያው በእርሳስ የተበየደ እንዳይሆን ይጠየቅ። የፕላስቲኩም ዕቃ ቀድሞ ምን ይዞ እንደነበረ ይጠየቅ፤ በሐረርጌ ጫት አብቃዮች ዘንድ የተባይ መድኃኒት በብዛት ስለሚረጭ፣ የመድኃኒቱን ጀሪካን አጥቦ ለውኃ ማዋል የሰውንም የዶሮንም ሕይወት ያሰጋል። እንዲህ ያለው ጀሪካን የቱንም ያህል ቢታጠብ ለውኃ አይሆንም።

ክቡራትና ክቡራን፣

እስካሁን የተናገርሁት ሁሉ ምናልባት በጥላና በጥንቃቄ የሚታለፍ ነው። አሁን የማነሣው ግን አይታለፍም።

ፈንግል፣ በሳይንሱ አጠራር ኒውካስል የሚባለው በሽታ፣ መድኃኒት የለውም። ባልተከተበ መንጋ ውስጥ ሲገባ አብዛኛውን፣ አንዳንድ ጊዜም ሁሉን ይፈጃል። ያለን መከላከያ ክትባት ነው፤ ክትባቱም በቢሾፍቱ በሚገኘው የአገራችን የእንስሳት ክትባት አምራች ተቋም ይመረታል። በጥቂት ዶሮ አርቢዎች ዘንድ በሰፊው የሚሰጠው በውኃ ተበጥብጦ ነው። ይህ ማለት በዚያች ዕለት የውኃ መጠጫው የመርፌውን ቦታ ይይዛል። በመጠጫው ውስጥ ያለው ቫይረስ የተዳከመ ቢሆንም ሕያው ነው፤ በሕይወት ወደ ዶሮዋ አካል ካልገባ ምንም አያስተምራትም። የዚንክና የብረት ቅንጣቶች፣ ዝገትና የቧንቧ ውኃ ክሎሪን ይህን ቫይረስ ይገድሉታል። የማይዝግ ብረት ከዚህ ነውር የራቀ ነው፤ ዋጋው ግን ለአንድ ጓሮ አርቢ የሚሞከር አይደለም።

በአውስትራልያ በኩዊንስላንድ ዩኒቨርሲቲ የተገኘው፣ አይ ሁለት የሚባለው የፈንግል ክትባት ሙቀትን የሚታገሥ መሆኑ ለእኛ ለቆላ ሰዎች ታላቅ እፎይታ ሆኖልናል። በዚህ ምክንያት ግን አንድ መዘናጋት እንዳይመጣ እሠጋለሁ። ሙቀትን ቻለ ማለት ክሎሪንን ቻለ፣ የዛገ ቆርቆሮንም ቻለ ማለት አይደለም።

በሳቢያን ሰፈር በብድር 50 እንቁላል ጣይ ዶሮዎች የገዛች አንዲት ወይዘሮ እናስብ። የጤና ባለሙያው መጥቶ ክትባቱን በቧንቧ ውኃ በጠበጠ፣ በግቢው በተገኘው የቆርቆሮ ገንዳ ውስጥ ገለበጠ፣ በመዝገቡም ላይ «50 ዶሮ ተከትቧል» ብሎ ጻፈ፣ ሄደ። ቁጥሩ ከከተማው ወደ ፌዴራል ሪፖርት ይወጣል። ከጥቂት ወራት በኋላ ፈንግል ሲመጣ ዶሮዎቹ ያልቃሉ። ወይዘሮዋ ክሎሪንንም ዚንክንም አትጠረጥርም። የምታውቀው መከተባቸውንና መሞታቸውን ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ በእርሷም፣ በጎረቤቶቿም ዘንድ ክትባት ማለት ውሸት ይሆናል፤ በሚቀጥለው ዙር ባለሙያው በር ሲያንኳኳ የሚከፍትለት አያገኝም። ብድሩ ግን ይከፈላል። በዚህ ታሪክ ውስጥ ተጠያቂው ማን እንደሆነ ለዚህ ጉባኤ መንገር አያስፈልገኝም፤ በሥልጠና መጽሐፋችን ውስጥ መጠጫን ከውርጭ ጋር ብቻ አያይዘን ካስተማርን ባለሙያውስ ከየት ያውቀዋል?

ስለዚህ ሐሳቤ ይህ ነው። በየቀበሌው ለክትባት የሚወጣ ባለሙያ ከክትባቱ ሣጥን ጋር ነጭ ወይም ፈዛዛ ቀለም ያላቸው የፕላስቲክ መጠጫዎች ይዞ ይውጣ። ለ50 ዶሮዎች፣ ከሦስት ሁለቱ እጅ በአንድ ጊዜ እንዲጠጡ የሚበቃ ቦታ ያስፈልጋል፤ አንድ መጠጫ ብቻ ካለ ጕልበተኛዪቱ ጠጥታ ደካማዪቱ ትቀራለች። መጠጫዎቹ በንጹሕ ውኃ ብቻ ይታጠቡ፤ ሳሙናም ሆነ በረኪና አይንካቸው። ከክትባቱ አንድ ቀን አስቀድሞ በዶሮዎቹ ውኃ ውስጥ መድኃኒትም ሆነ ክሎሪን አይጨመር። የቧንቧ ውኃ ከሆነ አፉ በተከፈተ የፕላስቲክ ባልዲ ውስጥ ይደር፤ በማግሥቱም በአንድ ሊትር ሁለት ግራም ተኩል ያህል ቅባቱ የወጣለት የዱቄት ወተት ይበጥበጥበትና ሩብ ሰዓት ወይም ግማሽ ሰዓት ይቆይ። ወተቱ የተረፈውን ክሎሪን ይይዘዋል። ክትባቱ የሚጨመረው ከዚያ በኋላ ነው። ለ50 አዋቂ ዶሮዎች ሁለት ሊትር ያህል ይበቃል፤ ወተቱም አምስት ግራም ብቻ ስለሆነ ወጪው የሚያስፈራ አይደለም።

በደጋ አገር ከክትባቱ በፊት ዶሮዎቹን ሁለት ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ማስጠማት የተለመደ ነው። እዚህ ግን ከአንድ ሰዓት በላይ ማስጠማት አይገባም፤ ለክትባት ብለን በሙቀት እንዳንገድላቸው። የተበጠበጠው በአንድ፣ ቢበዛ በሁለት ሰዓት ውስጥ ተጠጥቶ ማለቅ አለበት። በግንቦት ወር በድሬዳዋ ይህ ሊሆን የሚችለው ሥራው ከጧቱ 12 ሰዓት ተጀምሮ ፀሐይ ሳትበረታ፣ ከ2 ሰዓት በፊት ሲያበቃ ነው። የመሥሪያ ቤቶቻችን በር የሚከፈተው በዚያን ሰዓት ገደማ መሆኑን አውቃለሁ፤ እንግዲህ የክትባቱን ቀን የሥራ ሰዓት ማስተካከል የኃላፊዎቻችን ፈንታ ነው።

መጠጫዎቹ ሲመለሱ በንጹሕ ውኃ ተለቅልቀው፣ ተገልብጠው በጥላ ውስጥ ይቀመጡ፤ በላያቸውም «የክትባት» ተብሎ ይጻፍባቸው፤ አለዚያ የቢሮ ጽዳት ሠራተኞች በረኪና ይበጠብጡባቸዋል።